ስስ ላሜራ በምን ይቆረጥ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እናቴ ጣና ዳር ዓሳ ትሸጣለች። የምትሠራበትን የእንጨት ጠረጴዛ ላሜራ ላለብስላት ነው። የገዛሁት ዚንክ የተቀባ፣ ውፍረቱ 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። ጎረቤታችን ግራይንደር (በሚሽከረከር ዲስክ ብረት የሚቆርጥ ማሽን) ላውስህ ብሎኛል። በእሱ ልቁረጠው ወይስ በመቀስ? (ከዓባይ ማዶ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ በመቀስ ቁረጠው ልጄ። ለግራይንደር ይሄ ላሜራ በጣም ስስ ነው። ይርገበገባል፣ ዲስኩን ይይዘዋል፣ ማሽኑም ወደ አንተ ይፈናጠራል። ሙቀቱ ደግሞ ዚንኩን ያቃጥለዋል። ዚንክ 420 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ የግራይንደር ብልጭታ ከዚያ በጣም ይበልጣል። ጭሱ ለሳንባ አይሆንም። ቅቡ የተቃጠለ ጠርዝም ውሃ በማይለየው የዓሳ ጠረጴዛ ላይ ቶሎ ይዝጋል።

የቆርቆሮ መቀስ ስትገዛ እጀታውን እይ። አብዛኛውን ጊዜ ቢጫው ለቀጥታ መስመር ነው። ቀዩ ወደ ግራ፣ አረንጓዴው ወደ ቀኝ ለሚዞር ነው። ላንተ ቢጫው ይበቃሃል።

እኔ ጀማሪ ሳስተምር ከመቀሱ በፊት ማሰር ነው የማሳየው። ያልታሰረ ላሜራ ተንሸራቶ መዳፍ ይሰነጥቃል። መስመሩን በሚስማር ጫር። ላሜራውን ጠረጴዛ ላይ ዘርጋ፤ መስመሩ ከጠርዙ ትንሽ ወጣ ይበል። ከላይ ቀጥ ያለ ሞራሌ ጫንና ጫፍና ጫፉን አጥብቀህ እሰር። የቆዳ ጓንት፣ መነጽርና ድፍን ጫማ አድርግ። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ደጅ ላይ አትሥራ፤ ሰፊ ላሜራ ከእጅህ ይነጥቅሃል።

ስትቆርጥ የመቀሱን አፍ እስከ ጫፉ አትግጠም። ከገጠመ እንደ መርፌ የሾለ ጥርስ ይተዋል። ትንሽ ሲቀረው ክፈትና ወደፊት ግፋ። ቁርጥራጩን ወዲያው ሰብስብ፣ ሕፃናት በባዶ እግር ይረግጡታል።

አሁን የእናትህ እጅ ጉዳይ ነው። ከጠረጴዛው ልክ በየጎኑ 4 ሳንቲ ሜትር አስተርፍ። ጠርዙን በሞረድ ወደ አንድ አቅጣጫ አለስልስ። ከዚያ የመጨረሻዋን 1 ሳንቲ ሜትር በእንጨት መዶሻ ወደ ውስጥ እጠፋት። የቀረውን 3 ሳንቲ ሜትር በጠረጴዛው ጎን ወደ ታች አውርደው። የተቆረጠው ስለት ከውስጥ ተደብቆ ይቀራል።

ቀዳዳ በድሪል የምትበሳ ከሆነ ከሥሩ እንጨት አድርገህ እሰረው። ያኔ ጓንቱን አውልቅ፤ ድሪል ጓንት ከያዘ ጣትንም ይጠቀልላል።

ዓሳው ግን በቀጥታ ላሜራው ላይ አይከተፍ። ሎሚና ጨው ዚንኩን ይበሉታል። የእንጨት መክተፊያ አስቀምጥላት።