የኮምፓይለርን መደበኛ ላይብረሪ ለመተካት ለምትነሡ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፤

በኦፕን ሶርስ ኮምፓይለር (የፕሮግራመርን ጽሑፍ ማሽን ወደሚያስኬደው ኮድ በሚተረጉም፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነ ፕሮግራም) ላይ መሥራት ከጀመራችሁት መካከል ብዙዎቻችሁ መደበኛው የክላስ ላይብረሪ፣ ማለትም ከቋንቋው ጋር የሚመጣው ዝግጁ ኮድ፣ አርጅቷል፣ ዘገምተኛ ነው፣ ወይም ፈቃዱ አያሠራም ብላችሁ በአዲስ ልትተኩት እንደምታስቡ አስተውያለሁ። መነሣታችሁን እወደዋለሁ። የሚያሳስበኝ የምትጀምሩበት ቦታ ነው። የስትሪንግን (የጽሑፍን) ወይም የሊስትን (የዝርዝርን) ክላስ ከፍቶ አሻሽሎ መጻፍ ዘግይቶ የሚመጣ ሥራ ነው፤ የሚቀድመው ኮምፓይለሩ የት አብቅቶ ላይብረሪው የት እንደሚጀምር ለይቶ በጽሑፍ ማስፈር ነው። ይህ ድንበር ብዙ ጊዜ በአንድ ቦታ ተጽፎ አይገኝምና ፈልጋችሁ ማውጣት ይኖርባችኋል።

ኮምፓይለር አንዳንድ የላይብረሪ ክላሶችን በስማቸው ያውቃቸዋል። የጃቫ ፕሮግራመር ሁለት ጽሑፎችን በመደመር ምልክት ሲያያይዝ፣ ከጃቫ 5 እስከ ጃቫ 8 ድረስ የነበረው ኮምፓይለር ፕሮግራመሩ ስሙን ያልጠራውን የስትሪንግቢልደርን ክላስ የሚጠራ ኮድ ያወጣ ነበር። ስብስብን የሚያዳርሰው የፎር ሉፕ ኢተረብልን፣ የተከፈተ ፋይል በራሱ የሚዘጋው የትራይ አጻጻፍ ደግሞ ኦቶክሎዘብልን ይፈልጋል። በሲ ፕላስ ፕላስ ኢኒሺያላይዘር ሊስት የተባለውን ዓይነት ኮምፓይለሩ የሚያውቀው ከስሙም አልፎ በሜሞሪ ውስጥ ካለው አቀማመጥ ጋር ነው። በሌላው ወገን ደግሞ ላይብረሪው ብቻውን የማይችላቸው ነገሮች አሉ፤ የአንድን ኦብጀክት ክላስ ማወቅና ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ማስነሣት የመሳሰሉትን ከራንታይሙ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲሠራ ከሥር ከሚደግፈው ሥርዓት፣ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። የመጀመሪያውን ዝርዝር ለማግኘት ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ኮምፓይለሩን ባዶ ላይብረሪ ሰጥቶ ማስነሣት ነው፤ የጎደለውን አንድ በአንድ እየጠራ ይነግራችኋል።

ይህን ድንበር በጥንቃቄ ካሰመሩት መካከል እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው ነጻ የጃቫ ላይብረሪ ግኑ ክላስፓዝ ይገኝበታል። በውስጡ የትሬድ ክላስ ለሁሉም አንድ ሆኖ ተጽፏል፤ ከቨርቹዋል ማሽኑ (የጃቫን ኮድ ከሚያስኬደው ፕሮግራም) ጋር የሚነጋገረው ክፍል ግን ቪኤምትሬድ በሚባል ትንሽ ክላስ ውስጥ ለብቻው ተቀምጧል፤ ለሲስተም፣ ለክላስና ለሌሎችም እንዲሁ። በዚህ ምክንያት እንደ ካፌና ጃይክስ አርቪኤም ያሉ እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ቨርቹዋል ማሽኖች ትንንሾቹን ክላሶች ብቻ እየጻፉ አንድ ላይብረሪ መጋራት ቻሉ። የግኑ ኮምፓይለሮች ስብስብ የሆነው የጂሲሲ አካል የነበረው የጃቫ ኮምፓይለር ጂሲጄ በአንጻሩ የራሱ ላይብረሪ ነበረውና ከክላስፓዝ ጋር ማዋሃዱ ዓመታት የፈጀ ሥራ ሆነ። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ ድንበሩ በአሮጌው ላይብረሪ ውስጥ ገና ካልተለየ አዲሱን ከመጻፋችሁ በፊት አሮጌውን ራሱን በዚያ መሠረት ማደራጀት እንደሚያዋጣ ነው። አድካሚ ነው፤ ምስጋናም ብዙ አያስገኝም፤ ግን እያንዳንዷ ለውጥ ብቻዋን ልትፈተን ትችላለች።

ቀጥሎ የሚመጣው ችግር በሰነድ ላይ ያልሰፈረው ጠባይ ነው። የጃቫ ሰነድ የስትሪንግ ሃሽኮድ (ከይዘቱ የሚሰላ ቁጥር) በምን ቀመር እንደሚሰላ፣ 31ን በማባዛት፣ በግልጽ ስለደነገገ የተሻለ ቀመር ብታገኙም ልትለውጡት አትችሉም። በሃሽማፕ (ነገሮችን በሃሽኮድ አማካይነት በሚያከማች ክላስ) ውስጥ ያሉ ነገሮች የሚወጡበት ቅደም ተከተል ግን አልተደነገገም፤ ሆኖም ሳያውቁት በእርሱ የተመኩ ፕሮግራሞች አሉ። ጃቫ 7 ሲወጣ ሪፍሌክሽን (ፕሮግራሙ የራሱን ክላሶች የሚመረምርበት መንገድ) የአንድን ክላስ ሜተዶች የሚዘረዝርበት ተራ በመለወጡ፣ በዚያ ተራ ላይ የተመሠረቱ ፈተናዎች መውደቅ ጀመሩ። ሲሪያላይዜሽን (ኦብጀክትን በፋይል ላይ ማስቀመጥ) ደግሞ ከዚህም ይከብዳል፤ የክላሱ የግል ፊልዶች ስም ሳይቀር በፋይል ላይ ስለሚጻፍ፣ የግል ነው ብላችሁ የለወጣችሁት ስም ትናንት የተቀመጠን መረጃ እንዳይነበብ ያደርጋል። ተጠቃሚው ተሳስቷል ብሎ መከራከር ቀላል ነው፤ ፕሮግራሙ የተበላሸበት ሰው ግን ላይብረሪያችሁን ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ የየትኛውም ላይብረሪ ንብረት ያልሆነ የፈተና ስብስብ ያስፈልጋችኋል፤ ለነጻ የጃቫ ላይብረሪዎች ሞቭ የተባለው ስብስብ የተዘጋጀው ለዚህ ነበር። ያንኑ ፈተና በአሮጌውም በአዲሱም ላይ አስኪዱና ልዩነቱን መርምሩ።

ቀድሞ ኮምፓይል የተደረገ ኮድም አይረሳ። የኤልኤልቪኤም (የሌላ ኮምፓይለር ፕሮጀክት) የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪ ክላሶቹን በተለየ ውስጣዊ ኔምስፔስ (የስሞች ክልል) ውስጥ ስላስቀመጠ፣ አንድ ሰው ከጂሲሲ ላይብረሪ ጋር ቢያደባልቀው አብዛኛውን ጊዜ ስሕተቱ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ሳይሆን ገና በሊንከሩ (የኮድ ክፍሎችን ወደ አንድ ፕሮግራም በሚያያይዘው መሣሪያ) ላይ ይታያል። ጂሲሲ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው 5ኛ ቅጽ የስትሪንግን ክላስ ሲለውጥ፣ አሮጌውንና አዲሱን በአንድ ላይብረሪ ውስጥ አብሮ አኖራቸው። ይህን ውሳኔ ከልቤ አደንቃለሁ፤ የሌላውን ሰው ጊዜ ማክበር ማለት እንዲህ ነው።

ስለ ፈቃድ አጭር ነገር ልበል። የክላስፓዝ ሰዎች የጃቫን ፈጣሪ የሰን ኩባንያን ሶርስ ኮድ ያነበበ ሰው ተመሳሳዩን ክፍል እንዲጽፍ አይፈቅዱም ነበር። የምትተኩት ላይብረሪ ፈቃድ ከእናንተው ጋር የማይጣጣም ከሆነ ሥራችሁን ከሰነዱና ከፈተናዎቹ ጀምሩ፤ ኮዱን አትክፈቱ።

በመጨረሻ የሚከብደው ከሰዎች ጋር ያለው ጉዳይ ነው። በዲ ቋንቋ የመጀመሪያ ዘመን ፎቦስና ታንጎ የተባሉ ሁለት ላይብረሪዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ራንታይም ይዘው ስለመጡ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ አብረው ሊሠሩ አልቻሉም፤ በቋንቋው የሚሠሩ ሰዎችም በሁለቱ መካከል ተከፈሉ። የኋላ ኋላ በሁለተኛው የዲ ቅጽ ራንታይሙ ከላይብረሪው ተለይቶ ለብቻው ቆመ። በዚህ ምክንያት ለእናንተም የምመክረው ራንታይሙን የጋራ አድርጋችሁ ላይብረሪውን ክፍል በክፍል እንድትለውጡ ነው። ሰን እ.ኤ.አ. በ2007 ኦፕንጄዲኬን፣ ማለትም የጃቫውን ክፍት ኮድ፣ ሲለቅ መብቱ የሌላ ወገን በመሆኑ ያልተከፈተ ጥቂት ክፍል ቀርቶ ነበር፤ የአይስድቲ ፕሮጀክት ያንን ክፍተት ከክላስፓዝ በተወሰደ ኮድ መሙላት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በእርሱ የተገነባው ጃቫ ይፋዊውን የተኳኋኝነት ፈተና አለፈ። ቀሪውን ሁሉ እንዳለ ትተው የጎደለውን ብቻ ስለተኩ በአንድ ዓመት ውስጥ እዚያ ደረሱ። አሮጌውን ላይብረሪ ከኮምፓይለራችሁ የምታወጡትም አዲሱ ሲያልቅ ሳይሆን፣ ቢያንስ በአንድ ቅጽ ውስጥ ሁለቱም አብረው ቀርበው ተጠቃሚው በራሱ ፕሮግራም ላይ ሞክሮ ወደ አዲሱ ከተዛወረ በኋላ ይሁን።