መልስ፦ ፋኑን ከማስጮህ በፊት አቧራውን እይ

ሰላም ወንድሜ፣ ላፕቶፑ ስለሚግል ፋኑን በሶፍትዌር ሁሌ ሙሉ ፍጥነት ላይ ላድርገው ወይ ብለሃል። አልመክርህም። ፋኑ እየጮኸም ከጋለ ብዙ ጊዜ አየሩ መውጫ አጥቷል ማለት ነው። አጥፋውና ከሥር ክፈተው፣ ባትሪውን ንቀል፣ ከዚያ ፋኑ አጠገብ ባሉት ስስ የብረት ክንፎች መሃል ተመልከት፤ ብዙ ጊዜ አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሮ ነው የሚገኘው። በአየር ስትነፋው ፋኑን በጣትህ ያዘው፣ በኃይል ከተሽከረከረ ሊበላሽ ይችላል። ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ፔስት (ሙቀቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈው ቅባት) ከደረቀ አስቀይረው። እስከዚያው በዊንዶውስ ፓወር ኦፕሽን ውስጥ የፕሮሰሰሩን ጣሪያ (Maximum processor state የሚለውን) ከ100 ወደ 99 በመቶ አውርደው፤ በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ቱርቦው (ፕሮሰሰሩ ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ የሚሮጥበት ነገር) ይጠፋና ሙቀቱ ቶሎ ይቀንሳል፣ ለብራውዘርና ለወርድ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅህም። አልጋ ላይ አስቀምጦ መጠቀሙንም ተው፣ ከሥር ያለውን የአየር መግቢያ ይደፍነዋል።