በጥምቀት ሰሞን በባሕር ዳር አዲስ የዓሣ ቤት ስለ መሞከር

ጤና ይስጥልኝ። ለጥምቀት ወላጅ እናትዎንና ልጆችዎን ይዘው ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር እንደሚመጡ ገልጸው፣ በጣና ዳር በቅርቡ የተከፈተውንና የበዓል ዋጋ ያስተዋወቀውን የዓሣ ቤት ልሞክር ወይስ ሁሉም ወደሚያውቃቸው የቆዩ ቤቶች ልሂድ ብለው ጠይቀዋል። ባሕር ዳር የምኖር፣ ለቤቴ የሚሆነውን ዓሣ ራሴ ከሐይቁ ዳር የምገዛና አዲስ ቤት ሲከፈት ሄጄ መቅመስ የምወድ ሰው ስለሆንሁ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልዎ። በእኔ አስተያየት አዲሱን ቤት ይሞክሩት፤ ነገር ግን በበዓሉ ዕለት አይሁን፣ ለእራት አይሁን፣ የትኛው ዓሣ እንደሚቀርብልዎም ሳይጠይቁ አይዘዙ።

ከቀኑ ልጀምር። ጥር 10 ከተራ ነው፤ ገሃድ የሚጾም ሰው ብዙ ስለሆነ አብዛኛው ቤት የሚያዘጋጀው የጾም ምግብ ነው። (ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ለንስሓ አባትዎ እተወዋለሁ።) ጥር 11 ታቦታቱ ከጥምቀተ ባሕር ተነሥተው ወደየአጥቢያቸው ሲመለሱ፣ ከማለዳ ጀምሮ ቆሞ የዋለው ሕዝብ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ምግብ ቤቶች ይገባል፤ ወጥ ቤቱም በጥሬ ሥጋ፣ በክትፎና በጥብስ ትእዛዝ ይጨናነቃል። ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ስለሆነ ግርግሩ አይበርድም። ከሁሉ በላይ ግን ዓሣ አጥማጁም እንደ እኛው በዓል አክባሪ መሆኑን ማሰብ ይገባል። በእነዚህ ቀናት መረብ የሚጥለው ሰው ስለሚያንስ፣ የሚቀርብልዎ ዓሣ ቀደም ብሎ ተገዝቶ በማቀዝቀዣ የሰነበተ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በደንብ የቀዘቀዘ ዓሣ ነውር የለውም፤ ነገር ግን ሥራ በጀመረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የዓመቱን ትልቁን ግርግር የሚያስተናግድ ቤት፣ መብራት ሲጠፋ ዓሣውን እንዴት እንደሚያቆይ እንግዳ ሆኖ የሚመጣ ሰው ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ከቻሉ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቆይተው ይሂዱ፤ «ጥርን በባሕር ዳር» የሚባለው የበዓል ሰሞን ስለሚቀጥል ከተማዋ ወዲያው አትቀዘቅዝም፣ የበዓል ዋጋውም እስከ መቼ እንደሚቆይ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ይቻላል።

ለምሳ ይሁን ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አብዛኛው አጥማጅ መረቡን ማታ ጥሎ ንጋት ላይ ያነሣል፤ ዓሣው ወደ ምግብ ቤቶች የሚደርሰውም ጠዋት ነው። እኩለ ቀን ላይ የሚበላ ሰው የዚያኑ ዕለት ዓሣ ያገኛል፤ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የሚያዝዝ ሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ የዋለውን ነው የሚያገኘው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በጣና ለገበያ የሚቀርቡት ዓሦች በዋናነት ሦስት ዓይነት ናቸው፤ ቀረሶ፣ ነጭ ዓሣና አምባዛ። ቀረሶ ሥጋው ነጭ፣ ጣዕሙ ለስላሳ፣ አጥንቱም ትልልቅና በቀላሉ የሚለይ ስለሆነ ለልጆች ከሁሉ ይመረጣል። ነጭ ዓሣ ጣዕሙ እጅግ ግሩም ነው፤ እኔ ራሴ የማስበልጠው እርሱን ነው፤ ዳሩ ግን በሥጋው ውስጥ እንደ ክር የቀጠኑ ብዙ እሾሆች ስላሉበት ለሕፃን ልጅ ጨርሶ አይሰጥም። አምባዛ ጮማነት ያለው፣ ለወጥና ለጉላሽ የሚመች ዓሣ ነው። ሆኖም ቅርፊት የለውም፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለው አይበላ የሚለውን ጠብቀው ብዙ ምእመናን አይቀምሱትም። ወላጅ እናትዎ ከእነዚህ ወገን ከሆኑ ነገሩን ቀለል አድርገው አይዩት። ዓሣው በሙሉው ተጠብሶ ሲቀርብ ማንም ይለየዋል፤ ፊሌቶ፣ ጉላሽ፣ ዱለት ወይም ኮተሌት ሆኖ ሲመጣ ግን ከየትኛው እንደ ተሠራ በዓይን ማወቅ አዳጋች ነው። አንድ ጊዜ ስሙን በማልጠቅሰው ቤት «የዓሣ ጉላሽ» ተብሎ የቀረበልን አምባዛ መሆኑን ያወቅነው አብረውን የነበሩ አዛውንት ግማሹን ከተመገቡ በኋላ ነበር፤ እርሳቸው ያን ቀን ያዘኑትን ሐዘን ስለማልረሳ፣ ከዚያ ወዲህ ሽማግሌ ይዤ ስገባ አስቀድሜ እጠይቃለሁ። አስተናጋጁ «ዓሣ ነው» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ከሆነ ወጥ ቤት ገብቶ ጠይቆ እንዲመጣ በትሕትና ይንገሩት። አዲስ ቤት ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ስለ ባለቤቱ ብዙ ይናገራል።

ከዚያ ቀጥሎ ዓሣው ሳይጠበስ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። ይህ በሐይቁ ዳር ባሉ ቤቶች የተለመደ ነው፤ የሚያስነውር ነገር የለበትም። ባለፈው ዓመት በተከፈተ አንድ ቤት ይህን ስጠይቅ፣ ወጣቷ አብሳይ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ሁለት ቀረሶ በሳህን ይዛ ወጣች፤ እኔ ምንም ሳልል በራሱ ጎን ያለውን ክዳን በአውራ ጣቷ ገልጣ ደም የመሰለውን መተንፈሻውን አሳየችኝ፤ ቀጥላም ጀርባውን በጣቷ ጫን ብላ ለቀቀችው፤ የጎደጎደው ቦታ ወዲያው ተመለሰ። ዓይኑ ጥርት ብሎ ወጣ ያለ ነበር፤ ሽታውም የሐይቅ ውኃ ሽታ ብቻ ነበር። መተንፈሻው ወደ ቡናማ የሄደ፣ ዓይኑ የደፈረሰና የሰመጠ፣ ሥጋው ሲጫኑት ጎድጉዶ የሚቀር ከሆነ ግን የቦታው ውበት ምንም ያህል ቢሆን ሌላ ነገር ማዘዝ ይሻላል።

በመጀመሪያው ጉብኝት የማዝዘው ሁልጊዜ ሙሉ የዓሣ ጥብስ ነው፤ ለእርስዎም ይህንኑ እመክራለሁ። ጎንና ጎኑ ተሰነጣጥቆ በጋለ ዘይት የተጠበሰ፣ ከሎሚ፣ ከቃሪያና ከአዋዜ ጋር የሚቀርብ ዓሣ የሚሸፍነው ነገር የለም። ዘይቱ ስንት ጊዜ እንደ ተመላለሰበት ከመልኩና ከሽታው ይታወቃል፤ ጠባሹ ቸኩሎ እንደ ሆነም በአከርካሪው አጠገብ ያለው ሥጋ ይናገራል፤ ከአጥንቱ አልላቀቅም ካለና ውስጡ ቀይ ከሆነ መልሰው ይላኩት። ጥሬ ወይም ለብለብ ያለ ዓሣ የሚያቀርቡ ቤቶችም አሉ፤ የሐይቅ ዓሣ ጥገኛ ትላትል ሊኖርበት ስለሚችል ለልጆችም ለአረጋዊም አይዘዙ። ጉላሹና ኮተሌቱ ደግሞ ጥብሱ ካስደሰተዎ በኋላ ይምጣ።

ስለ በዓል ዋጋው፣ ከመቀመጥዎ በፊት በዋጋው ውስጥ ምን ምን እንዳለ ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ ለስላሳና ውኃ ለብቻ ይታሰባሉ። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና በአንዳንድ ቤቶች 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ በዝርዝሩ ላይ ካልተካተቱ፣ 1,000 ብር የተባለው ምግብ ከ1,250 ብር ያላነሰ ይሆናል። ፊሌቶ ከሙሉው ዓሣ ተወደደ ብለውም አይቀየሙ፤ ከአንድ ቀረሶ ክብደት አጥንቱ፣ ራሱና ቆዳው ወጥቶ ፊሌቶ የሚሆነው ሲሶ ያህሉ ነው።

የቆዩት ቤቶች ይሻላሉ ለሚሉዎት ወዳጆች ክብር አለኝ፤ በጥር 11 የግድ ውጭ መብላት ካለብዎ እኔም ወደ እነርሱ ነው የምልክዎ፤ ግርግር ለምደዋልና። በሌላው ቀን ግን አዲሱ ቤት ደንበኛ ለማፍራት ስለሚተጋ፣ የዓሣው ምርጫም ሆነ የአስተናጋጆቹ ትጋት ከቆዩት ልቆ ያገኘሁባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው።

እናትዎን ሲያስቀምጡ ከውኃው ጠርዝ ትንሽ ራቅ ያለ፣ ነፋስ የማይመታው ወንበር ይምረጡላቸው፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ በጥር ይበርዳል። ልጆቹም ከመጫወት ብዛት አንሄድም ብለው ካመሸባችሁ፣ ባሕር ዳር የወባ ትንኝ ያለባት ከተማ ስለሆነች እጅጌ ሙሉ ልብስ ይዘውላቸው ይምጡ። ጥር 13 ወይም 14 ለምሳ ከስድስት ሰዓት በፊት ከደረሱ ጠረጴዛ መምረጥም፣ ዓሣ መምረጥም ይችላሉ፤ ከዋዜማው ደውለው ሰው ብዛትዎንና ቀረሶ እንደሚፈልጉ ቢነግሯቸው ደግሞ ጠዋት ሲገዙ ለይተው ያስቀምጡልዎታል።