የአንባቢያን ጥያቄ፦ ጓሮን በችግኝ የማይሞላ ሂቢስከስ የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምኖር አንባቢያችሁ ነኝ። የገዛነው ቤት ግቢ ውስጥ ጎረቤቶቻችን «ሮዝ ኦቭ ሻሮን» የሚሉት፣ ሐምራዊ አበባ ያለው ትልቅ ቁጥቋጦ አለ። የሌሎቹ አበባ ካለፈ በኋላ ስለሚያብብና ለእንቁጣጣሽም ደጃፌን ባዶ ስለማያደርገው እወደዋለሁ፤ ይሁን እንጂ በየዓመቱ ከሥሩ ስፍር ቁጥር የሌለው ችግኝ ይፈላል። በሌላ ልተካው አስቤአለሁ። ከመግቢያው በር አጠገብ ነጭ፣ ከጓሮ ደግሞ ቀለም ያለው ብተክል ደስ ይለኛል። የትኞቹን ዝርያዎች ትመክሩኛላችሁ? ባሕር ዳር በየግቢው የማውቀው ቀይ ሂቢስከስስ እዚህ አይሆንም?

መልስ፦ ከመጨረሻው ብንጀምር፣ የባሕር ዳሩ ሂቢስከስ ውርጭ የማይችል የሞቃት አገር ተክል በመሆኑ፣ በዕቃ ተተክሎ የብርዱን ወራት ቤት ውስጥ ካላሳለፈ ሜሪላንድ ላይ አይተርፍም። በግቢዎ ያለው ሂቢስከስ ሲሪያከስ የተባለው ዘመዱ ሲሆን፣ ቅጠሉን አርግፎ ብርዱን ያሳልፋል።

ዝርያ ሲመርጡ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው በቀለም አይጀምሩ፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው ተክሉ ዘር ያፈራል ወይስ አያፈራም የሚለው ነው። ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ ቅርንጫፎቹን ጠጋ ብለው ቢያዩ፣ ጫፋቸው ላይ በአምስት የተሰነጠቀ ቡናማ ደረቅ ፍሬ፣ በውስጡም ጠርዙ ጸጉር ያለው ጠፍጣፋ ዘር ያገኛሉ። የሚያስቸግርዎ ችግኝ ምንጩ ይኸው ነው።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የተገኘው ደግሞ ከቤትዎ ብዙም ሳይርቅ፣ ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው ብሔራዊ አርቦሬተም፣ ማለትም የዛፎችና የቁጥቋጦዎች የምርምር አትክልት ስፍራ ነው። በዚያ ይሠሩ የነበሩት የዕፅዋት አዳቃይ ዶናልድ ኢጎልፍ የተክሉን ክሮሞሶም (በሕዋስ ውስጥ የዘር ውርስን የሚሸከመውን ክር) ቁጥር በመለወጥ፣ ፍሬ የሚይዙት እምብዛም የሆኑ አራት ዝርያዎችን አውጥተዋል፤ እነርሱም ዳያና፣ ሄለን፣ ሚነርቫና አፍሮዳይቲ ይባላሉ። ጉልበታቸው በዘር ስለማይባክን አበባቸው ትልቅ ነው፤ የአበባ ጊዜያቸውም ረጅም ነው።

ለመግቢያው በር ያለ ማመንታት ዳያናን እመክርዎታለሁ። መሐሉ ላይ እንኳ ቀይ ነጠብጣብ የሌለበት ንጹሕ ነጭ ነው፤ የአብዛኞቹ ዝርያዎች አበባ አመሻሽ ላይ ሲጠቀለል የእርሱ ግን ሌሊትም ተከፍቶ ስለሚያድር፣ ማታ እንግዳ ለሚመጣበት ደጃፍ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ለጓሮው ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ከወደዱ ሚነርቫ፣ ደመቅ ያለ ሮዝ ከወደዱ አፍሮዳይቲ ይሆንልዎታል። ሄለን ነጭ ሆኖ መሐሉ ጥቁር ቀይ ነው። ብሉ በርድ የተባለው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ውብ ዝርያ መሆኑ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ዘር ስለሚያፈራ ከሸሹት ችግር መልሶ ይከትዎታል። ድርብርብ አበባ ያላቸውን እኔ ብዙም አልወዳቸውም፤ ዝናብ ሲመታቸው ረጥበው ይንጠለጠላሉ።

ሲገዙ የዝርያው ስም የተጻፈበት መለያ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ከዘር የበቀለ ችግኝ እናቱን ስለማይመስል፣ ጎረቤት በነጻ ቢሰጥዎትም በትሕትና ይለፉት። ቀለሙን በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ ኦገስት ላይ ችግኝ መሸጫ ይሂዱ፣ በሴፕቴምበር ይትከሉ። ቦታው በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን፤ ቁመቱም ወደ 2.5 ሜትር ስለሚደርስ ከግድግዳው አራቅ ያድርጉት።

ለእንቁጣጣሽ ስላሉት፣ አበባው የሚጀምረው በጁላይ በመሆኑ በሴፕቴምበር እየሳሳ ይሄዳል። ሆኖም የሚያብበው በዚያው ዓመት በበቀለ ቀንበጥ ላይ ስለሆነ፣ ማርች መጨረሻ ላይ ጠበቅ አድርገው ቢከረክሙት አበባው ዘግይቶ ይጀምራል፤ ቁጥሩ ቢቀንስም መጠኑ ይጨምራል። ኦገስት ደረቅ ከሆነ ደግሞ በደንብ ያጠጡት።

አሮጌውን ቁጥቋጦ ከነቀሉ በኋላም አፈሩ ውስጥ የቀረ ዘር ሊበቅል ስለሚችል፣ ችግኙን ሥር ሳይሰድ አፈሩ እርጥብ ሲሆን ይንቀሉት። አዲሱ ተክል በኤፕሪል ቅጠል ባያወጣም ሞቷል ብለው አይጣሉት፤ ዘግይቶ የሚነቃ ስለሆነ እስከ ሜይ ይታገሡት፣ ከተጠራጠሩም ቅርፊቱን በጥፍርዎ ፋቅ አድርገው ከሥሩ አረንጓዴ መሆኑን ይመልከቱ።