ጾሙ ሲፈታ ፍሪጁም አብሮ ተፈታ

ጥያቄ (በ2020 የተላከ)፦ እንደምን ናችሁ? የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከማርች 30 ቀን 2020 ጀምሮ በኮሮና ምክንያት ከቤት አትውጡ ከተባልን ወዲህ የምሠራውም የምበላውም አንድ ጠረጴዛ ላይ ሆኗል። የሚገርመኝ ዐቢይ ጾምን ያለችግር ጾሜ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው ከፍሪጁ በር አልለይ ያልኩት። ሳይርበኝ እበላለሁ፣ ሌሊትም ሳይቀር። እናቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ እየደወለች «ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ብዪ፣ በሽታው አይነካሽም» ትለኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህታችን፣ ግማሹን መልስ ራስሽ ጽፈሽዋል። በጾሙ መጨረሻ ላይም እኮ ቤት ነበርሽ፣ ፍሪጁም ያው ነበር፤ ግን የምትበይበት ሰዓት ነበረሽ። ሚያዝያ 11 ፋሲካ ሲገባ ሰዓቱ ሄደ፤ በዚያ ላይ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ሌላ ዓመት ቢሆን የመሥሪያ ቤቱ የምሳ ሰዓትና መንገዱ ይይዙሽ ነበር፣ ዘንድሮ እነሱም የሉም። ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ጣፋጭና ቅባት ያለው ነገር ያስመኛሉ፤ ስለዚህ ሆዳም ሆንኩ ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ።

በበዓለ ሃምሳ ጹሚ አንልሽም! ሰዓቱን ብቻ መልሺው። ቁርስ፣ ምሳ፣ መክሰስ፣ እራት፤ ከዚያ ወጥ ቤቱ ይዘጋ። ኮምፒውተሩ ፊት አትብዪ። ብስኩቱንና ቺፕሱን ከመጀመሪያው ባትገዢው ይሻላል፣ ቤት ከገባማ ማን ይችለዋል።

አንድ የሚያስቀና ነገር ግን አለሽ፦ ቤት መዋል ለእንጀራ ይመቻል። ሊጡ ቦክቶ እስኪደርስ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል፣ ሥራ ስንሮጥ ማን ይጠብቀዋል? ሱፐርማርኬቱ ውስጥ የዳቦ እርሾ ጠፋ ተብሎ ፈረንጁ ሁሉ ሲጨነቅ፣ ያንቺ እርሾ ካለፈው ሊጥ ይገኛል። ጤፍ ከተወደደብሽ ገብስ ቀላቅይበት።

የእማማን ነገር በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ነጭ ሽንኩርት ከኮሮና ይከላከላል የሚል ማስረጃ የለም ብሏል። ወጥሽ ላይ ግን አትንፈጊው። ጨጓራ ካለብሽ ጥሬውን በባዶ ሆድ እንዳትሞክሪው፤ ለእማማም «እሺ እየበላሁ ነው» በያት፣ ውሸት አይሆንብሽም። ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለብሽ ደግሞ የምግብ ሰዓትሽን ከመቀየርሽ በፊት ለሐኪምሽ ደውዪ፣ በስልክም ያያሉ አሁን።