የጎረቤትሽን ልጅ ለቅሶ እየሰማሽ «ምን ላድርግ?» ላልሽው እህት

ጎረቤትሽ ከገጠር ያመጣቻት የዘመድ ልጅ ሌሊት ስታለቅስ እንደምትሰሚ፣ ሰውነቷም ላይ ሰንበር እንዳየሽ ጽፈሻል። «የሥጋ ዘመዷ ሳልሆን ምን አገባኝ ይሉኛል» ብለሽም ፈርተሻል። እኔም እዚሁ አዲስ አበባ ጎረቤት ቤት በምትኖር አንዲት ልጅ ምክንያት ያለፍኩበት ነገር ነው።

1. ለሽማግሌ አትንገሪ። የእኛ ሰፈር ሰው «ነገሩ በቤት ይለቅ» ብሎ የዕድር ሽማግሌዎችን ላከ። አሳዳሪዋ ቡና አፍልታ ተቀበለቻቸው፤ «አጥፍታ ቀጣኋት» አለች፤ ተመራርቀው ወጡ። ልጅቷን የጠየቃት የለም። ከዚያ ወዲያ ሱቅ መላክ እንኳ ቀረ፤ በሩ ተቆለፈባት።

2. ያየሽውን ከነቀኑ ጻፊው። እኔ ያየሁት ክንዷ ላይ የካውያ ጫፍ ነው፤ ሹሉ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ታትሟል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 ልጅን ማንገላታትን ይቀጣል፤ ለተገቢ ተግሣጽ ግን ቦታ ስለተወ ሁሉም «ቅጣት ነው» እያለ ይሸሸግበታል። በካውያ ማቃጠል ምን ዓይነት ተግሣጽ ነው? ልጅቷ ራሷ ከነገረችሽ ደግሞ ሳታቋርጫት ስሚያት፤ «ለማንም አልናገርም» ብለሽ ግን ቃል አትግቢላት።

3. ፖሊስ ጣቢያ። እዚህ ላይ ነው አንጀቴ ያረረው። ተረኛው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «አንቺ ምኗ ነሽ?» አለኝ። ጎረቤት ነኝ ስለው «የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ወላጆቿ መጥተው ያመልክቱ» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ወላጆቿ ያሉት ወሎ ገጠር ነው፤ የልጃቸውን ሁኔታ በምን ያውቃሉ? ሕግ የተማረ ዘመዴን ጠየቅሁ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ ወንጀሉ ሲፈጸም አየም አላየ፣ የማመልከት መብት አለው ይላል። አንቀጹን በወረቀት ገልብጬ ተመለስኩና ሴቶችና ሕጻናትን የሚመለከተውን መርማሪ አገናኙኝ ብዬ ድርቅ አልኩ። የመጣችው መርማሪ አስቀምጣ አዳመጠችኝ፤ ቃሌን ጽፋ አነበበችልኝ፤ ፈረምኩ። ልጅቷ ከዚያ ቤት የወጣችው በዚያ ፊርማ ነው። ዛሬ አክስቷ ዘንድ ሆና ትማራለች፤ ይህንን ስናገር ደረቴን ነፍቼ ነው።

ወሲባዊ ጥቃት ከጠረጠርሽ ግን አንድ ቀን አታሳድሪ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ሐኪም ሳያያት ገላዋም ልብሷም አይታጠብ። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ ሕክምናውንም ምርመራውንም በአንድ ማዕከል የሚሰጥ አገልግሎት አለ። ዱላው በዚያው ሰዓት እየወረደባት ከሆነ ለፖሊስ 991 ደውዪ።

ፍርድ ቤት ከበዳዩዋ ጋር ፊት ለፊት ያቆሟታል ብለሽም አትስጊ፤ ልደታ ለሕጻናት በተመቻቸው ችሎት ልጆች ከሌላ ክፍል ሆነው በካሜራ ይመሰክራሉ።

ክፍለ ከተማሽን በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ ጣቢያው አብሬሽ እሄዳለሁ።