«ውሃው ውስጥ ካንሰር የለም» ተባልን፤ እፎይ እንበል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባቴ 67 ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው ለ11 ዓመት የአስቤስቶስ ጣሪያ በሚመረትበት ፋብሪካ ሠርተዋል። ባለፈው ወር ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ አጠራቸው። ራጅ ሲነሡ በቀኝ ሳንባቸው ዙሪያ ውሃ ተገኘ። ውሃው ተቀድቶ ሲመረመር የካንሰር ሕዋስ አልታየበትም። አሁን ደህና ናቸው። ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው?

መልስ፦ ገና ነው። ትንፋሻቸው የተመለሰው ውሃው ስለተቀዳ ነው። ለምን እንደቋጠረ ግን አልታወቀም።

ሳንባ በስስ ሽፋን የተጠቀለለ ነው። ሜሶቴሊዮማ የሚባለው ካንሰር የሚነሣው ከዚህ ሽፋን ሲሆን ዋና መንስኤው አስቤስቶስ ነው። ብናኙ ከተሳበ በኋላ በሽታው ብቅ እስኪል ከ20 እስከ 50 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ «ሥራውን ከተዉ እኮ ስንት ዘመናቸው» የሚለው ነገር አያጽናናም። ካርዳቸው ላይ «ሥራ፦ ጡረተኛ» ተብሎ ብቻ ተጽፎ ከሆነም ፋብሪካውን ራሳችሁ ንገሩ። ይህች አንዲት መረጃ ምርመራውን ልትቀይረው ትችላለች።

በሽታው ሲጀምር ሽፋኑ ላይ እንደ አሸዋ የተበተኑ ጥቃቅን እብጠቶች ብቻ ሊኖሩ ይችላሉ። ራጅ አያሳያቸውም፤ ሲቲ ስካንም ሊስታቸው ይችላል። ውሃው ውስጥም ብዙ ጊዜ የካንሰር ሕዋስ አይገኝም። ቢገኝም በቁስለት ምክንያት መልኩ ከተለወጠ ጤነኛ ሕዋስ ጋር ይምታታል። የደም ምርመራስ? ሜሶቴሊን የሚባል አለ፤ ለብቻው ግን ቁርጡን አይናገርም።

ቁርጡን የሚናገረው ከሽፋኑ የሚወሰድ ናሙና ነው። መጀመሪያ በደም ሥር መድኃኒት እየተሰጠ የሚነሣ ሲቲ ስካን ይሠራል። ከዚያ ቶራኮስኮፒ ይከተላል። በማደንዘዣ ነው፤ አያስፈራችሁ። በጎን አጥንቶች መካከል በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ ይገባል። ሐኪሙ ሽፋኑን በዓይኑ እያየ ከተለያየ ቦታ ቆንጠር ቆንጠር አድርጎ ይወስዳል። ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም (ፓቶሎጂስቱ) ደግሞ ካንሰር ከሆነ ከሽፋኑ ሥር ወዳለው ስብ ዘልቆ እንደሆነ ያያል፤ በልዩ ቀለሞችም ከሌላ ቦታ ከመጣ ካንሰር ይለየዋል።

ካንሰር ላይሆንም ይችላል። ቲቢም ውሃ ያስቋጥራል፤ ያው ናሙና እሱንም ሊያሳይ ይችላል። እኔን የሚቆጨኝ መንስኤው ሳይታወቅ ውሃው እየተቀዳ፣ እንደገና እየቋጠረ ወራት ሲያልፉ ነው።

ራጁን፣ የሲቲውን ሲዲ ካለና የውሃውን ውጤት ይዛችሁ የሳንባ ስፔሻሊስት ጋ ሂዱ። ትንፋሽ እንደገና ካጠራቸው ወይም ደረታቸውን ከወጋቸው ቀጠሮ አትጠብቁ።